የሞንትጎመሪን የአውቶቡስ አድማ በሲባጎ ማስተማር

የጥቁር አሜሪካውያንን ታሪክ ከ3ኛ እስከ 8ኛ ክፍል ስናስተምር በብዛት የምንሳሳተው ሮዛ ፓርክስ ላይ ነው። በአላባማዋ ሞንትጎመሪ ከተማ ጥቁሮች የወንበር አድልዎን ተቃውመው አውቶቡስ አንሳፈርም ያሉበትን አድማ ያስነሳው የእሷ መታሰር ነው። «አንዲት ደካማ አሮጊት የነጮች ወንበር ላይ ተቀምጣ አልነሳም አለች፤ ሕጉም ተለወጠ» ብለን እንዘጋዋለን። ዕድሜዋ ግን 42 ነበር፤ የተቀመጠችውም ከነጮቹ ወንበሮች ኋላ ነው። ከ36ቱ ወንበሮች የፊተኞቹ 10 የነጮች፣ የኋለኞቹ 10 የጥቁሮች ነበሩ፤ የመሀሎቹን 16 ነጭ ተሳፋሪ ቆሞ ከቀረ ጥቁሮች ይለቁለታል። ይህን ለማስረዳት 36 ሳጥን የተሰመረበት ወረቀትና አንድ እፍኝ ባቄላ ይበቃል። ልጆቹን ራሳቸውን ከፋፍሎ ወንበር ማስለቀቅ ግን ፈጽሞ አይሁን፦ ትንንሾቹ ይሳሳቁበታል፣ ጥቁር ልጆች በጓደኞቻቸው ፊት ይዋረዳሉ።

ለጊዜው አቆጣጠር 7 ሜትር ሲባጎ ግድግዳ ላይ ወጥሩ። 1 ሴንቲ ሜትር 1 ቀን ነው። የሹራብ ክር ስለሚለጠጥ ልኬቱን ያበላሻል። ከግራ ጫፍ 3 ሜትር ገባ ብላችሁ ዜሮን ምልክት አድርጉ፤ እሱ አድማው የተጀመረበት ዲሴምበር 5 ቀን 1955 ነው። ከዜሮ በስተግራ 4 ላይ የሮዛ ፓርክስ መታሰር፣ 278 ላይ ደግሞ በዚያው ምክንያት የታሰረችው የ15 ዓመቷ ክላውዴት ኮልቪን በካርድ ላይ ተጽፈው በልብስ መቆንጠጫ ይሰቀላሉ። በስተቀኝ 56 ላይ የማርቲን ሉተር ኪንግ ቤት በቦምብ ተመታ፤ 183 ላይ የፌዴራል ፍርድ ቤት ለጥቁሮቹ ፈረደ፤ 344 ላይ ጠቅላይ ፍርድ ቤት አጸናው፤ 381 ላይ አድማው አበቃ። ልጆቹ ራሳቸው ሲቆጥሩ ከማርች 1956 ጀምሮ ያለው ሁሉ በ1 ቀን ከተዛነፈ፣ ፌብሩዋሪ በዚያ ዓመት 29 ቀን እንደነበረው ዘንግተዋል ማለት ነው።

ከሁሉ የሚያነጋግረው ያቺ የ4 ሴንቲ ሜትር ክፍተት ናት። አድማ በ4 ቀን እንዴት ተሰናዳ? የከተማዋ የጥቁር ሴቶች የፖለቲካ ማኅበር መሪ ጆ አን ሮቢንሰንና ባልደረቦቿ አድማውን የሚጠራ በአንድ ሌሊት በአሥር ሺህዎች የሚቆጠር ወረቀት አባዝተው በማግስቱ በተኑ። ሮቢንሰን አድማ ሊመጣ እንደሚችል ለከንቲባው የጻፈችው ገና በሜይ 1954 ነው፤ ለዚያ ቀን ሲባጎው አይደርስም፣ ካርዱን ከበሩ ውጭ ለጥፉት። ልጆቹ ድንገት የመጣ ነገር አለመሆኑን የሚረዱት ያኔ ነው።

ለ3ኛ ክፍል ሂሳቡን አቅልሉት፦ ዋጋው 10 ሳንቲም፣ ደርሶ መልስ 20፣ በ5 የሥራ ቀን 1 ዶላር። ከ6ኛ ክፍል በላይ ላሉት ከ344 እስከ 381 ያለውን አስለኩ፦ ፍርድ ቤት ከፈረደላቸው በኋላ 37 ቀን ለምን በእግራቸው ሄዱ? የጽሑፍ ትእዛዙ ሞንትጎመሪ የደረሰው ዲሴምበር 20 ቀን 1956 ስለነበር ነው።