ድምፅ የሌለው ለቅሶ

ልጄ ሲያለቅስ አይሰማም። አፉ ይከፈታል፣ እንባው ይወርዳል፤ ድምፅ ግን የለም። የሚተነፍሰው አንገቱ ላይ በገባችለት ቱቦ ስለሆነ አየሩ የድምፅ አውታሩ ጋ አይደርስም። ከሆስፒታል ስንወጣ ይህን የነገረኝ የለም። ደሴ ቤታችን በገባን በማግስቱ ወጥ አማስዬ ስመለስ ነው በእንባ ርሶ ያገኘሁት።

ከገበያ ቃጭል ገዛሁ። ግልገል ላይ የምትታሰረውን፣ ትንሿን። እግሩ ላይ አሰርኩለት። ሲፈራገጥ ትጮሃለች፣ እሮጣለሁ። ተኝቶ ቢታፈን ግን እሷም ዝም ልትል ትችላለች፤ ስለዚህ ሌሊቱን ከባሌ ጋር ተራ ገብተን እንጠብቃለን።

ለቱቦዋ ያበቃው በሽታ ጉሮሮ ውስጥ ኪንታሮት መሰል ነገር የሚያበቅል ነው። የሚያመጡት ኤችፒቪ የተባለው ቫይረስ 6ኛና 11ኛ ዓይነቶች ናቸው። ሐኪም ያወጣዋል፣ ተመልሶ ይበቅላል። እስኪታወቅ ድረስ ድምፁ በጎረነነ ቁጥር «አስም ነው» እየተባልን ወራት አለፉ። ዛሬም ያንገበግበኛል።

ከቱቦዋ አክታ መምጠጡን አንዲት ነርስ በትርፍ ቱቦ አለማመደችኝ። ካቴተሩን፣ አክታ የሚስበውን ቀጭን ላስቲክ፣ በቱቦው ልክ ለክቼ በእስክሪብቶ ምልክት አደርጋለሁ፤ ከዚያ አላሳልፈውም። ሳስገባ አልመጥም፣ ሳወጣ ብቻ። ከ10 ሰከንድ መብለጥ የለበትም። እኔም ትንፋሼን ይዤ ነው የምሠራው፤ እኔን ካፈነኝ እሱንማ አፍኖታል።

አንድ ሌሊት መሃል ላይ መብራት ጠፋ። አክታ መምጠጫው ማሽን ባዶ ሳጥን ሆነ። ባሌ በስልኩ እያበራልኝ ካቴተሩን 60 ሚሊ ሊትር ሲሪንጅ ላይ ሰክቼ በእጄ ሳብኩ። ሦስቴ። ከዚያ ወዲህ ሲሪንጇ፣ ትርፍ ቱቦና በቁጥር አነስ የምትል ሌላ ቱቦ ራስጌው ላይ በተሰቀለች ቦርሳ ውስጥ ናቸው።

ከሁሉ የከበደኝ ግን ቡናው ነው። አፍንጫ የሚያጣራውን ቱቦው አያጣራም፤ ጭሱ በቀጥታ ሳንባ ይገባል። ዕጣን ቤት ውስጥ ይቅር ስል አማቴ ተቆጡ። «ወሎ ላይ ቡና ያለ ዕጣን ማን አየ? ጠያቂውን ምን ልንለው ነው?» ሳምንት ተኮራረፍን። አንድ ቀን ከሰሉን እፍ ሲሉ ልጁ ትን አለው። ፊቱ ጠቆረ፣ እግሩ ተፈራገጠ፣ ቃጭሏ ጮኸች። መጥጬለት ቀና ስል አማቴ ረከቦቱን ይዘው ወደ በረንዳ እየወጡ ነበር።

አሁን በጦሳ ተራራ ብርድ ጋቢ ተከናንበው እዚያው ያፈላሉ። ጠያቂ ሲመጣ «አብሽሩ፣ ወደዚህ ኑ፤ ቤቱ የእሱ ነው» ይላሉ።