ሰዓቱን መልሱልኝ

ዛሬ የዘጋቢ ፊልማችንን ምስል ቆለፍነው። ከእንግዲህ አንዲት ፍሬም፣ አንዲት ነጠላ ምስል እንኳ፣ አትነካም። ከ60 ሰዓት በላይ የቀረጽነው የአንድ ሰፈር ታሪክ 52 ደቂቃ ሆኖ ተቀመጠ። ቤቴ ገብቼ ጋደም ብልም እንቅልፍ እምቢ አለኝ። ጆሮዬ ውስጥ አሁንም የፊልሙ ባለታሪክ የእማማ የግድግዳ ሰዓት ይቆጥራል።

እኔ ኤዲተር ነኝ። ቀረጻ ቦታ ብዙም አልሄድም፤ ያን ቀን ግን ሄድኩ። ዳይሬክተሯ፣ ካሜራማኑ፣ የድምፅ ባለሙያው፣ ተመራማሪዋና እኔ፣ አምስት ሆነን የእማማን ሳሎን ሞላነው።

የድምፅ ባለሙያው እንደገባ ዕቃውን አላወጣም። መሃል ቤት ቆሞ ዓይኑን ጨፍኖ አዳመጠ። ከዚያ እማማን አስፈቅዶ ፍሪጁን አጠፋ፤ የመኪናውን ቁልፍም ፍሪጁ ውስጥ አስቀመጠ። ለምን እንደሆነ ስጠይቀው፣ ያለ ቁልፉ ከዚህ መሄድ እንደማይችል፣ ቁልፉን ሊያወጣ ሲመጣም ፍሪጁን መልሶ ማብራቱን እንደማይረሳ ነገረኝ። ድምፅ የሚቀርጹ ሰዎች የቆየ ልማድ ነው። እኔ ግን የሰውን ቤት ማክበር ያየሁት እዚያ ላይ ነው።

ቀጥሎ ሰዓቱ መጣ። ቀጭ፣ ቀጭ፣ ቀጭ። የሚቆጥር ሰዓት ለኤዲተር መከራ ነው። ንግግር ሲቆረጥና ሲቀጠል ቆጠራው ይዘላል፤ ተመልካች ምን እንደሆነ ባያውቅም ጆሮው ይሰናከላል።

«እማማ፣ ለትንሽ ጊዜ ሌላ ክፍል ብናስቀምጠው ቅር ይልዎታል?»

«ውሰዱት ልጆቼ፣ ምን ችግር አለው።»

ወሰድነው። ቀረጻው ተጀመረ። ቅድም በር ላይ ሲቀበሉን ወሬያቸው የማያልቅ ሴትዮ አሁን መልሳቸው አጭር ሆነ። «አዎ።» «እንደዚያ ነበር።» ዳይሬክተሯ ጥያቄ ብትቀያይርም ጠብ የሚል ነገር ጠፋ። ነገሩ የገባው ካሜራማኑ ነው። ከካሜራው ቀና ብሎ በሹክሹክታ «ዓይናቸው ሚስማሩ ላይ ነው» አለ። ዞር ብለን አየን። ባዶው ግድግዳ ላይ ሚስማር፣ ከሥሩ ደግሞ ሰዓቱ ለዓመታት የሸፈነው ነጣ ያለ ክብ። እማማ አንድ ነገር ባወሩ ቁጥር ወደዚያ ያያሉ።

ተነስቶ ሰዓቱን ያመጣው የድምፅ ባለሙያው ነው። የማንም ሥራ ከእሱና ከእኔ በላይ አይበላሽም ነበር፤ ግን ማንም ሳያዘው አምጥቶ ሰቀለው። እማማ ወንበራቸው ላይ ደገፍ አሉ። ከዚያ በኋላ ለሁለት ሰዓት ያህል አወሩ። ከፊልሙ ምርጡ ክፍል የወጣው ከዚያ ነው።

ስንጨርስ ሁላችንም ለአንድ ደቂቃ ዝም አልን። ይህ ሩም ቶን የምንለው ነው፤ ክፍሉ ሰው ሳይናገር ያለው ድምፅ። የንግግር ክፍተት የምሞላው በእሱ ነው። የእማማ ቤት ሩም ቶን ሰዓት አለበት። እኛ በሰከንድ 25 ፍሬም ነው የምንሠራው፤ ሰዓቱም በየሰከንዱ አንዴ ይመታል። ስለዚህ ከእሳቸው ንግግር ባወጣሁ ቁጥር 25፣ 50 ወይም 75 ፍሬም እያልኩ ቆጥሬ ማውጣት ነበረብኝ። ዓረፍተ ነገሩ በ40 ካለቀ፣ ሌላ ቦታ መፈለግ ነው። ሦስት ሳምንት ፈጀብኝ። አሁንም ቢሆን ሰዓቱ መመለሱ ልክ ነበር እላለሁ።

ትልቁ ክርክራችን ግን ስለ ዛፉ ነበር። እማማ «አባቴ የሞተ ዓመት የሰፈሩን ትልቅ ዛፍ ቆረጡት» ብለዋል። ተመራማሪያችን ነገር አታልፍም። አሮጌ ፎቶ ስካን ስታደርግ ጀርባውን ሳይቀር ታነሳለች፤ ሰው ቀንና ስም የሚጽፈው ጀርባው ላይ ነውና። እሷ ከአየር የተነሳ የሰፈሩን ፎቶ አገኘች። አባትየው ካረፉ ከአራት ዓመት በኋላ የተነሳ ነው። ዛፉ ቆሟል፤ ጥላው ሳይቀር መንገዱ ላይ ይታያል።

እኔ ይውጣ አልኩ። ስህተት መሆኑን እያወቅን እንዴት እናስተላልፋለን? ተመራማሪዋ ግን፣ ስህተቱን ያገኘችው ራሷ፣ አይሆንም አለች። ስለ ጣሊያናዊው የቃል ታሪክ አጥኚ ስለ አሌሳንድሮ ፖርቴሊ አጫወተችን። ቴርኒ በምትባል የብረት ፋብሪካ ከተማ ሉዊጂ ትራስቱሊ የሚባል ወጣት ሠራተኛ እ.ኤ.አ. በ1949 በተቃውሞ ሰልፍ ላይ በፖሊስ ተገደለ። ፖርቴሊ የከተማዋን ሰዎች ሲጠይቅ ግን ብዙዎቹ የሞተው በ1953፣ ሠራተኞች በብዛት ከፋብሪካው በተባረሩበት ጊዜ ነው አሉት። እሱም ስህተት ነው ብሎ አልጣለውም። ለምን ወደዚያ ዓመት ወሰዱት ብሎ ጠየቀ።

«እኛስ እማማን ጠይቀናቸዋል?» አለች።

አልጠየቅንም። እንዴት እንደምንጠይቅም ተጨቃጨቅን። ዳይሬክተሯ ፎቶውን ካሜራ ፊት ድንገት መዘርጋትን ጨርሶ አልተቀበለችም። አሮጊት ሴት በገዛ ቤታቸው አናሳፍርም አለች። ስለዚህ እሷና ተመራማሪዋ ያለ ካሜራ፣ ፎቶውን ብቻ ይዘው ሄዱ።

እማማ ማጉያ መነጽራቸውን አስመጥተው ወደ መስኮቱ ዞር ብለው አዩት። «እሱ ነው» አሉ። «አባቴ ከተቀበረ በኋላ እኔ በዚያ አላልፍም ነበር። በላይኛው መንገድ ነበር የምዞረው።» አባትየው ሥራ ሲወጡ እሳቸውን የሚሰናበቱት ዛፉ ሥር ነበር ለካ።

ይህን ለካሜራ ይደግሙልን እንደሆነ ሲጠየቁ «ኑ» አሉ። ሄድን። ሰዓቱ ቦታው ላይ ነበር። ፎቶውን እንደገና ሲይዙት ግን ቶሎ አልተናገሩም። አውራ ጣታቸውን ዛፉ ላይ አድርገው ቆዩ። ካሜራማኑ ወደ ፊታቸው አልሄደም፤ እጃቸው ላይ ቀረ። ድምፅ የለም፣ ሰዓቱ ብቻ።

ዛሬ ከሰዓት ዳይሬክተሯ ጀርባዬ ቆማ «አልረዘመም?» አለችኝ። አብረን ቆጠርን። አሥራ አንድ ምት ነው። አንዷንም አልቆረጥኩም።