ቢሮው ተመረቀ፤ ቁልፉስ ማን ጋር ነው?

በመጋቢት 2013፣ ለስድስተኛው ጠቅላላ ምርጫ ቅስቀሳው በተጧጧፈበት ሰሞን፣ ደሴ ውስጥ አንድ ፓርቲ የምርጫ ቢሮ ሲከፍት ደጋፊ ሆኜ ተገኝቼ ነበር። የፓርቲውን ስም አልጠራም። ምርጫው አልፏል፤ እኔም አሁን ቅስቀሳ ላይ አይደለሁም። ግን የየትኛውም ፓርቲ ደጋፊ እንዲህ ያለ ምረቃ ላይ ሲጠራ ምን እንደሚያጋጥመውና ምን ቢያደርግ እንደሚጠቅም ያየሁትን ልንገራችሁ።

ከሁሉ በፊት ያሳሰበኝ የፓርቲው ቲሸርት ነው። እዚያው ደሴ አራዳ ጨርቅ እሸጣለሁ። ደንበኞቼ ከሁሉም ወገን ናቸው። ደሴ ደግሞ ጠዋት ፒያሳ ያስነጠሰ ሰው ከሰዓት ሰኞ ገበያ ላይ «ይማርህ» የሚባልባት ከተማ ናት። ስለዚህ ቲሸርቱን እዚያው ለብሼ እዚያው ላወልቅ ወሰንኩ። ይሄ ፍርሃት ነው የሚል ይኖራል። እኔ ግን የሱቅ ሥርዓት ነው የምለው። ጨርቅ ሊገዛ የመጣን ሰው በደረቴ ላይ በተጻፈ መፈክር መቀበል አልፈልግም።

የጠራኝ አስተባባሪ የሰፈሬ ልጅ ነው። «ሰው ይዘህ ና» አለኝ። አንድ ጓደኛዬን ይዤ ሄድኩ። እሱም ገና መንገድ ላይ ሳለን «ለማየት ነው የምመጣው፤ እንዳታስጨበጭበኝ!» ብሎ አስጠነቀቀኝ። በኋላ ላይ ሳስበው፣ እንዲህ ዓይነቱን ሰው ይዞ መሄድ ጥሩ ነው። ደጋፊ ብቻውን ሲሆን የሚያየው የፈለገውን ነው። አጠገብህ «ይሄን ቃል ባለፈውም ሰምተነው የለም እንዴ?» እያለ የሚያንሾካሹክ ካለ ግን ጆሮህ ይከፈታል።

ቢሮው ከፒያሳ ወረድ ብሎ ያለች ሁለት ክፍል ናት። ቤቱን ለማግኘት ብዙ ደክመዋል። ገንዘቡ አይደለም ያስቸገራቸው፤ አከራይ ነው። አንዱ እሺ ብሎ፣ ቀብድ ተቀብሎ፣ በማግስቱ «ቤተሰብ አልተስማማም» ብሎ መልሶላቸዋል። አልፈርድበትም። ፓርቲ ያለበት ቤት መስታወቱ ቢሰበር የሚከፍለው ባለቤቱ ነው። መጨረሻ ላይ ያከራዩዋቸው ሰው የስድስት ወር ኪራይ በቅድሚያ ተቀብለው «ባነሩ በረንዳዬን እንዳይሸፍን» የሚል ውል አስፈርመዋል።

ሦስት ሰዓት ይጀመራል ተባለ። ያው እንደምታውቁት ነው። ከኮምቦልቻ የሚመጡት ደጋፊዎች የሐረጎን ዳገት ወጥተው እስኪደርሱ ተጠበቀ፣ ከዚያ ሞንታርቦው እምቢ አለ፣ ከዚያ ካፊያ ጣለ። ወደ ደሴ ለዝግጅት የሚመጣ ሰው ፀሐይ ቢኖርም ጃኬት ይያዝ። የኮምቦልቻ ልጆች በስስ ቲሸርት እየተንቀጠቀጡ ጨፈሩ።

ከዕለቱ ሁሉ ልቤ ውስጥ የቀረው ምርቃቱ ነው። ወሎ ውስጥ ያለ ምርቃት የሚጀመር ነገር የለም። አንድ ሼህና አንድ ቄስ ጎን ለጎን ተቀምጠዋል። ሼሁ ተነሱ። «አገሩን ሰላም ያድርግልን!» «አሚን!» «ዝናቡን በወቅቱ ያውርድልን!» «አሚን!» «ከምትሹት ይልቅ የሚበጃችሁን ይስጣችሁ!» እዚህ ላይ አሚኑ ትንሽ ቀዘቀዘ። ከኋላ አንድ ወጣት «ፓርቲያችንንም ይመርቁልን እንጂ አባባ!» ብሎ ጮኸ። እሳቸውም ፈገግ ብለው «ልጄ፣ ነገ ሌላውም ይጠራኛል። ለሱስ ምን ልበለው?» አሉት። ቤቱ በሳቅ ፈረሰ። አላጨበጭብም ያለው ጓደኛዬ ያጨበጨበው ያኔ ነው።

ንግግሩን አሳጥሬ ልለፈው። ውሃ፣ መንገድ፣ የወጣት ሥራ። ዕጩው ስለ ኮምቦልቻ ኢንዱስትሪ ፓርክ ሲያነሱ አንዲት እናት እጃቸውን አውጥተው «ፓርኩ ከ2009 ጀምሮ አለ። ልጄ ገብታበት ደመወዟ የቤት ኪራይና ትራንስፖርት አልሸፍን ብሏት ተመልሳለች። እሱን ምን ታደርጉታላችሁ?» አሉ። መልሱ «እንሠራበታለን» ነበር። ማይክ የያዘ ሰው ሕዝብ ፊት «አላውቅም» አይልም። ያንኑ ጥያቄ ሻይ ላይ ጠጋ ብላችሁ ብትጠይቁት ግን ሰው ሆኖ ያወራችኋል። እኔ እንደዚያ አደረግኩ። ደመወዙን የሚወስኑት ኩባንያዎቹ እንደሆኑ፣ እሳቸው ቢመረጡ የሚሄዱት 547 መቀመጫ ያለው ምክር ቤት እንደሆነ፣ እዚያ ብቻቸውን የሚችሉት ጥቂት እንደሆነ በግልጽ ነገሩኝ። ይሄን መድረክ ላይ ቢሉት ኖሮ የበለጠ አከብራቸው ነበር።

ስለ ፎቶም ልናገር። ስልክ ወጣ ባለ ቁጥር ማስኳን ወደ ዓይኗ ከፍ የምታደርግ አንዲት ሴት ነበረች። ዘመኑ የኮሮና ስለሆነ ማንም ልብ አላለም። በኋላ የመንግሥት ሠራተኛ እንደሆነች ነገረችኝ። ደጋፊነቷን መደበቋ አልነበረም፤ ፌስቡክ ላይ መቼና እንዴት እንደምትወጣ ራሷ መወሰን ፈልጋ ነው። ከዚያ ወዲህ የሰው ፊት ያለበትን ፎቶ ሳልጠይቅ አልለጥፍም።

ዓቢይ ጾም ስለነበር የቀረበው ዳቦና ሻይ ነው። ሪባኑ ተቆርጧል፣ ባጃጆቹ ጥሩምባቸውን እየነፉ ሄደዋል፣ ሰዉ ሳስቷል። አስተባባሪውን «ሰኞ ጠዋት ይሄን ቢሮ ማን ነው የሚከፍተው?» አልኩት። «ኮሚቴ አለ» አለኝ። «ቁልፉስ?» ዞር ዞር ብሎ አየ። ቁልፉ የሞንታርቦ ባለሙያው ኪስ ውስጥ ተገኘ!

ደጋፊ ምረቃ ላይ ሊጠይቀው የሚገባው ይህን ይመስለኛል። ጭብጨባውን ማንም ያደርገዋል። በእኛ አገር ምርጫ ወንበሩን የሚወስደው በምርጫ ክልሉ ከተፎካካሪዎቹ ሁሉ ብዙ ድምፅ ያገኘ ነው። ያን ቀን ሲጨፍር የዋለው ወጣት የምርጫ ካርድ ካላወጣ ከቁጥር አይገባም። ለመመዝገብ 18 ዓመት መሙላትና በምርጫ ክልሉ ቢያንስ ስድስት ወር መኖር ይጠይቃል። አንድ ምርጫ ጣቢያ ደግሞ ያኔ እስከ 1,500 መራጭ ይይዝ ነበር። በየጣቢያው ከጠዋት እስከ ቆጠራው መጨረሻ የሚቀመጥ የፓርቲ ወኪል ያስፈልጋል። ወኪል የሌለው ፓርቲ ውጤቱን የሚያውቀው በር ላይ ሲለጠፍ ነው።

ቁልፉን በመጨረሻ የወሰዱት ጥግ ላይ ዝም ብለው የተቀመጡ ጡረተኛ መምህር ናቸው። «ቤቴ ቅርብ ነው፤ ከሰዓት ከሰዓት እከፍታለሁ» አሉ። ከዚያ ቀን በኋላ ቢሮው በእሳቸው ቆመ ማለት ይቻላል። ደብተር ገዝተው የሰፈሩን ወጣት ስም መዘገቡ። ምዝገባው ሲጀመር በስም እየጠሩ «አውጥተሃል? አሳየኝ» ይሉ ነበር። እኔም ምሽት ሱቅ ስዘጋ እየሄድኩ ለወጣቶቹ ስልክ በመደወል አግዛቸው ነበር።

ከድምፅ መስጫው ቀን በፊት ያሉት አራት ቀናት የጥሞና ጊዜ ነበሩ፤ ቅስቀሳ አይፈቀድም ነበር። ብዙ ቢሮ ያኔ ይቀዘቅዛል። እሳቸው ግን የወኪሎቹን ስንቅ ሲያዘጋጁ ሰነበቱ፦ ቆሎ፣ ዳቦ፣ ውሃ፣ እስክሪብቶ፣ የእጅ ባትሪ። በባትሪው ልጆቹ ስቀውባቸዋል። ሰኔ 14 ድምፅ መስጫው እስከ ምሽቱ 3 ሰዓት ሲራዘም ማንም አልሳቀም።