ሁለተኛ ለወጣ

ዛሬ ድብርት ይዞኛል። የተወዳደርኩበት ነገር መልስ መጣ። «ከመጨረሻዎቹ ሁለት ውስጥ ነበርክ፣ ልዩነታችሁ በጣም ትንሽ ነው» አሉኝ በስልክ። ትንሽ መሆኑ እኮ ነው የሚያንገበግበው። ትልቋ እህቴም ሰምታ «አይዞህ፣ ሁለተኛ መውጣትም ቀላል አይደለም» አለችኝ። እሷን ምን ይሏታል፣ ዝም አልኩ።

ጥንት ግሪክ አገር ብትሆን ግን እንዲህ አትልም ነበር። የጥንቱ ኦሎምፒክ በሚካሄድባት በኦሎምፒያ ሁለተኛ የሚባል ደረጃ የለም። የብርና የነሐስ ሜዳሊያ የኛ ዘመን ፈጠራ ነው። ያኔ አንዱ የወይራ ቅጠል አክሊል ይደፋል፣ የቀረው ሁሉ ተሸናፊ ነው። በተለመደው አቆጣጠር የመጀመሪያው ውድድር የተካሄደው ከክርስቶስ ልደት በፊት በ776 ነው። 192 ሜትር ገደማ ሮጦ ያሸነፈው ኮሮይቦስ የሚባል የኤሊስ ሰው ነው፤ ሙያው ምግብ ማብሰል ነበር ይባላል። የአብሳዩ ስም እስከ ዛሬ አለ። ከኋላው የደረሰው ሰውዬስ? እንጃ፣ እሱም «ልዩነታችሁ ትንሽ ነው» ተብሎ ይሆናል።

ነገሩ ደግሞ ስፖርት ብቻ አይደለም። በየአራት ዓመቱ የሚመጣ የግሪኮች የበላይ አምላክ የዜውስ ክብረ በዓል ነው። 100 በሬ ይታረዳል። ታፋው ለአምላኩ ይቃጠላል፣ የቀረውን ሥጋ ሕዝቡ ይበላዋል። መሠዊያው ራሱ የመሥዋዕቱ አመድ ለዘመናት ተከምሮ የቆመ ነው። ከክርስቶስ ልደት በኋላ በ2ኛው መቶ ዘመን ቦታውን ያየው ግሪካዊው ተጓዥ ጸሐፊ ፓውሳኒያስ ቁመቱን 22 ጫማ ይለዋል። ወቅቱ ሐምሌና ነሐሴ፤ እዚያ ደግሞ ዝናብ ሳይሆን ንዳድ ነው። ከዚያ ሁሉ ደም ጋር ዝንቡን አስቡት። እነሱም አስበውበታል፤ «ዝንብ አባራሪው ዜውስ» ብለው ለብቻው ይሠዉለት ነበር። (ይቺን እወዳታለሁ።)

እንግዲህ በዚያ ሁሉ ሕዝብና በአምላክህ ፊት መሸነፍ አለ። ባለቅኔው ፒንዳር ዴልፊ ላይ ለአፖሎ አምላክ በሚደረገው በዓል በትግል ላሸነፈ የኤጊና ደሴት ልጅ የጻፈው ቅኔ አለ። ውዳሴው መሃል ልጁ የጣላቸው አራት ተጋጣሚዎች ብቅ ይላሉ። እናታቸው ጋ ሲመለሱ በሣቅ የሚቀበላቸው የለም። ጠላት እንዳያያቸው እየተሸማቀቁ በጓሮ በጓሮ ይሄዳሉ። በጓሮ! እኔ ዛሬ ከሥራ በየት በኩል እንደወጣሁ ልንገራችሁ?

ጳውሎስም ለቆሮንቶስ ሰዎች ሲጽፍ ሁሉም ይሮጣል፣ ዋጋውን የሚቀበለው ግን አንዱ ብቻ ነው፣ አክሊሉም የሚጠፋ ነው ይላቸዋል። ቆሮንቶሶች ደጃቸው ላይ በየሁለት ዓመቱ ለባሕሩ አምላክ ለፖሴይዶን የሚደረግ ውድድር ነበራቸው። አክሊሉ አንድ ሰሞን ከጥድ፣ አንድ ሰሞን ከደረቀ ሰለሪ ይሠራ ነበር። ያቺው ሾርባ ውስጥ የምትገባዋ ሰለሪ። «የሚጠፋ» ሲላቸው ምን ማለቱ እንደሆነ አልጠፋቸውም።

ለሰለሪ ብሎ ማን ይደበደባል? ጥቅሙ አገር ሲገቡ ነው። አቴና የኦሎምፒያ አሸናፊዋን ዕድሜ ልኩን በመንግሥት ማዕድ ታበላው ነበር። ሁለተኛው እቤቱ ይብላ።

ከሁሉም ግን የታሶስ ደሴቱ ቴያጌኔስ ነገር አለ። ቦክሰኛ ነው፣ ከበዓላቱ ሁሉ በድምሩ ከሺህ በላይ አክሊል ሰበሰበ ይባላል። የነሐስ ሐውልትም ነበረው። ፓውሳኒያስ እንደሚለው አንድ ጠላቱ ሌሊት ሌሊት እየመጣ ሐውልቱን በአለንጋ ይገርፈው ጀመር። ሰውየው ከሞተ በኋላ! አንድ ሌሊት ሐውልቱ ወደቀበትና ገደለው። የሟች ልጆች ሐውልቱን በነፍስ ግድያ ከሰሱ፤ ተፈረደበትና ባሕር ተጣለ። ከዚያ አገሩ በረሃብ ተመታ። ዴልፊ ሄደው አፖሎን ቢጠይቁ «ታላቁን ቴያጌኔስን ረስታችኋል» ተባሉ። ዓሣ አጥማጆች በመረብ አወጡት፣ ቦታው መለሱት፣ እንደ አምላክም ይሠዉለት ጀመር።

እኔ ግን የያዘኝ ገራፊው ነው። ሌሊት ተነስቶ፣ አለንጋውን ይዞ፣ በጨለማ ነሐስ ሲገርፍ። እጁን አያመውም? ሚስቱ የት ነበርክ ስትለው ምን ይላታል? አክሊል የወሰደበትን ሰው ነው የሚገርፈው ወይስ ሌላ ቂም ነበረው? አሸናፊው መጨረሻ ላይ አምላክ ሆነ፣ የገራፊው ስም እንኳ አልተጻፈም። እውነቴን ነው የምላችሁ፣ በዛሬው ስሜቴ ከሱ ጋ ነኝ።

ለነገሩ አለንጋም የለኝም። ቢኖረኝም ከመጀመሬ በፊት ሐውልቱ በደንብ መተከሉን ገፋ ገፋ አድርጌ ነበር የማየው። እንዲህ ዓይነቱ ሰው ነው እንግዲህ አንደኛ ልውጣ ብሎ የተወዳደረው።