ፓስፖርቴን ሆቴል ቆልፌ ማንችስተርን ላመሽባት ወጣሁ

ቪዛው፣ በረራው፣ ሆቴሉ ያው የታወቀ ነው፤ አላደክማችሁም። ትራሙም ቀላል ነው። ከመሳፈራችሁ በፊት ካርድ ታስነካላችሁ፣ ስትወርዱም ታስነካላችሁ፣ አለቀ። እዚህ የምጠቅሳቸው ዓመቶች ከአንዱ በቀር የፈረንጅ ናቸው። ለምን እንዳልኩ ኋላ ይገባችኋል።

ቀኑን አንኮትስ ዋልኩ። ድሮ የጥጥ ፋብሪካ ሰፈር ነበር። ዛሬ በዚያው ቀይ ጡብ ውስጥ ሰው ይኖርበታል፣ ከሥሩ ዳቦ ቤትና ቡና ቤት ተደርድሯል። ማኪ ሜየር የሚባለው የ1858 የገበያ አዳራሽ ደግሞ ከ2017 ወዲህ ምግብ ቤት ሆኗል፤ ከማታውቁት ሰው ጋር አንድ ጠረጴዛ ላይ ትበላላችሁ። ደስ ይላል። ያልወደድኩት የሀሲየንዳን ነገር ነው። በ1982 ተከፍቶ በ1997 የተዘጋ ስመ ጥር ጭፈራ ቤት ነበር። አፈረሱትና ስሙን ለአፓርታማ ሰጡት!

አርብ ማታ እዚያ ከምትኖረው የአክስቴ ልጅ ጋር ወጣን። የጉዞ ምክር ሁሉ «ፓስፖርትዎን ሆቴል ቆልፈው ይተዉ» ይላል። እኔም ታዛዥ ነኝ፣ ቆለፍኩት።

ክለቡ በር ላይ 50 ደቂቃ ተሰለፍን። ካፊያው አያቆምም። ሙዚቃው ከውስጥ ደረታችንን ይመታል። ተራችን ሲደርስ ባውንሰሩ «አይዲ» አለኝ። እውነት ለመናገር መጀመሪያ ደስ አለኝ። እዚያ መጠጥ ከ18 ዓመት ጀምሮ ይፈቀዳል፤ ግን ከ25 በታች የመሰለን ሁሉ መታወቂያ ይጠይቃሉ። እኔ 31 ነኝ። ስልኬ ላይ ያለውን የፓስፖርት ፎቶ አሳየሁት። ፎቶ አንቀበልም አለ።

እዚህ ላይ ዝም ብዬ መመለስ ነበረብኝ። እኔ ግን ቦርሳዬን በርብሬ የቀበሌ መታወቂያዬን አወጣሁ! ፊደሉን ማንበብ አልቻለም፣ ቁጥሩን ግን አየው፤ የትውልድ ዘመን 1986። መታወቂያውን አየ፣ እኔን አየ። «39 ዓመትሽ ነው?» አለ። የሰው መታወቂያ ይዤ የመጣሁ መሰለው። እኔ ደግሞ ብሼ ስለ ዘመን አቆጣጠራችን ማስረዳት ጀመርኩ። በዝናብ። ሙዚቃው እየጮኸ። አሥራ ሦስት ወር እንዳለን ነግሬው ወደ ጳጉሜ ስሻገር የአክስቴ ልጅ እጅጌዬን ትጎትተኛለች፣ ከኋላ ያሉት ያጉረመርማሉ። እሱ ክንዱ ላይ የራሱን መታወቂያ አስሮ «ሶሪ፣ ላቭ» ይለኛል። እዚያ ሴትን ሁሉ «ላቭ» ይላሉ፤ እኔን ግን ያን ሌሊት አንገበገበኝ።

ሆቴል ሮጬ ፓስፖርቴን ይዤ ተመለስኩ። የመግቢያ ሰዓት በአሥር ደቂቃ አልፏል። ያው ሰውዬ፣ ያው «ላቭ»።

ስለዚህ የእኔ ምክር ከዚያ የጉዞ ምክር ተቃራኒ ነው። ለማምሸት ከወጣችሁ ፓስፖርታችሁን ዚፕ ባለው የውስጥ ኪስ ይዛችሁ ውጡ። ይጠፋል ብላችሁ ከፈራችሁ አንድ መጠጥ ቀንሱ። የመጨረሻ መግቢያ ስንት ሰዓት እንደሆነም ቀድማችሁ ጠይቁ። እራት ደግሞ በጊዜ ብሉ፤ መጠጡ እየተቀዳ ማድ ቤቱ ቀድሞ ይዘጋል። እኛ በባዶ ሆድ ነበርን። ያዳነን ረሾልም፣ ከሪ ማይል የሚሉት ጎዳና ነው። በዚያ ሌሊት መብራቱ ቦግ ብሎ፣ የሺሻው ሽታ እየተነነ፣ ትኩስ ቂጣና ጥብስ አገኘን። ከክለቡ ይሻል ነበር ብዬ ራሴን አጽናናሁ። ውሸቴን ነው፣ ቆጭቶኛል።

ቅዳሜ ማታ ተመልሰን ሄድን። ፓስፖርቴን ከጃኬቴ ውስጥ ይዤ፣ በየሁለት ደቂቃው እየዳበስኩ። ሌላ ባውንሰር ነበር። ፊቴን አየት አደረገና በእጁ ግቢ አለኝ። ምንም አልጠየቀኝም።

«በአንድ ሌሊት አረጀሽ» አለች የአክስቴ ልጅ።