ፍላሽ በመንገደኛ

ሐምሌ 2015 ነበር። የጅማ ዝናብ ቆርቆሮውን ሲደበድብ ያመሻል፣ ሲደበድብ ያነጋል። እኔ ፈረንጅ አራዳ በተከራየኋት አንዲት ክፍል ውስጥ፣ አሮጌ ላፕቶፕ ላይ ጄንቱ ካልጫንኩ ብዬ እልህ ተጋብቻለሁ። ቤት ውስጥ ኢንተርኔት የለም። የስልኬ ዳታ ደግሞ ከቴሌግራም አያልፍም።

ጄንቱን ለማታውቁት፦ ሊኑክስ ከሚባሉት፣ በዊንዶውስ ፈንታ ኮምፒውተር ላይ ከሚጫኑት ሥርዓቶች አንዱ ነው። ሌሎቹ ሊኑክሶች አብዛኛውን ጊዜ የተፈጨ ቡና ነው የሚሰጧችሁ። ጄንቱ ጀንፈሉን ያሸክማችኋል። መፈልፈሉ፣ መቁላቱ፣ መውቀጡ የእናንተ ነው። የፕሮግራሙ ኮድ፣ ማለት ሰው የጻፈው ጽሑፍ፣ ይመጣል፤ እዚያው ማሽናችሁ ላይ ኮምፓይል ይደረጋል፣ ማለት ማሽኑ ሊያስኬደው ወደሚችል ፕሮግራም ይገነባል። ስሙን ያገኘው ውሃ ውስጥ በፍጥነት በመዋኘት ከሚታወቅ የፔንግዊን ዝርያ ነው። የኔው ፔንግዊን ግን 4 ጊጋ ራም ይዞ ጭቃ ውስጥ ነበር የሚሄደው። ዳንኤል ሮቢንስ ሲጀምረው ደግሞ ስሙ ኢኖክ ነበር፤ በእኛ አፍ ሄኖክ ማለት ነው። በዚያው ቢጸና ኖሮ እዚህ አገር ስንት ሞክሼ ያገኝ ነበር!

ችግሩ ጀንፈሉ የሚመጣው በኢንተርኔት መሆኑ ነው። ፖርቴጅ የሚባለው ዕቃ አስመጪ፣ የእያንዳንዱን ፕሮግራም ኮድ ከየት እንደሚያመጣና እንዴት እንደሚገነባ የተጻፈባቸው በሺዎች የሚቆጠሩ ትንንሽ ፋይሎች አሉት። እነሱ ጽሑፍ ብቻ ስለሆኑ ተጨምቀው በአንድ ፋይል ይመጣሉ። መነሻ የሚሆነው ስቴጅ 3 የሚሉት ጥቅልም ያው አንድ ፋይል ነው። ሁለቱን ከማስነሻው ፍላሽ ጋር አንድ ጓደኛዬ ከአዲስ አበባ አመጣልኝ። ኮዱ ግን ገና እዚያው፣ ዓለም ላይ ተበትኖ ነው ያለው።

መላው ቀላል ነው። ፖርቴጅን «ይህን ዴስክቶፕ፣ በመዳፊት የሚሠራበትን ገጽ፣ ለመጫን ምን ምን ታወርዳለህ? አታውርድ፣ አድራሻውን ብቻ ንገረኝ» ማለት ይቻላል። ይነግራችኋል። ለእያንዳንዱ ፋይል አንድ መስመር፣ በየመስመሩም የአንዱን ፋይል ብዙ አማራጭ አድራሻ ይደረድራል። ከየመስመሩ የመጀመሪያውን ብቻ ቆርጬ በጽሑፍ ፋይል አስቀመጥኩና ለጓደኛዬ ላክሁ። እሱ መሥሪያ ቤቱ ጥሩ ኔት አለ። ፍላሹን ከአንድ ኪሎ ቡና ጋር ጠዋት በሚወጣ አውቶቡስ፣ በመንገደኛ እጅ ሰደድኩለት። ከጅማ አዲስ አበባ 350 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። በአምስተኛው ቀን ፍላሹ ሞልቶ ተመለሰ። የከርነሉ፣ ማለትም የሥርዓቱ እምብርት፣ ኮድ ብቻ ከ130 ሜጋ በላይ ነው። ይህን በካርድ ላውርድ ብል የወሩ አስቤዛ ነበር የሚሄደው።

እንግዲህ ሁሉ ነገር አለኝ ብዬ ጀመርኩ።

መጀመሪያ ያቆመኝ ፋይል አይደለም፣ ሰዓት ነው። የላፕቶፑ የሰዓት ባትሪ ሞቷል። መብራት በጠፋ ቁጥር ማሽኑ ወደ ፋብሪካው ቀን ይመለሳል። ስከፍተው ቀኑን ገረፍ አድርጌ አየሁት፤ 2015 ይላል። ልክ ነው ብዬ አለፍኩ። ጥቂት ፕሮግራሞች ደህና ተገነቡ። ከዚያ አንዱ ቀጥ አለ። «አሁን የተፈጠረው ፋይል አብሮ ከመጣው ፋይል ያረጀ ነው፣ ሰዓትህን እይ» የሚል ነገር ጻፈ። አየሁ። ልክ ነው። ደግሜ አየሁ። አሁንም 2015። ግማሽ ሰዓት ያህል ስፈልግ ቆይቼ ነው የነቃሁት፤ 2015 የሆነው በእኛ ነዋ! በነሱ 2023 ነው። ማሽኑ ስምንት ዓመት ወደኋላ ቀርቶ፣ ለኔ የሀገሬ ሰው መስሎ ታየኝ። እነዚያ ደህና ያለፉት ኮዳቸው ያረጀ ስለነበረ ነው። ይህን ለማን ይነግሩታል?

ከሁሉ የሚከብደው ኤልኤልቪኤም የሚባለው ነው። ለስክሪኑ ሥዕል ያስፈልጋል፣ ሌሊቱን ሙሉ ይፈጃል። በዚያ ሌሊት የማሽኑ ማራገቢያ ሲጮህ አከራዬ በሩን አንኳኩ።

«አንተ ልጅ፣ ስቶቭ ገዝተሃል እንዴ?»

«ኧረ የለም እትዬ።»

«ታዲያ ምንድን ነው የሚያጓራው? ቆጣሪው እኮ ይበራል!»

አስገብቼ አሳየኋቸው። ጥቁር ስክሪን ላይ ነጭ ፊደል ይወርዳል። እጃቸውን ወደ ላፕቶፑ ጎን አስጠጉ፣ ቶሎ መለስ አደረጉት። «ይሄማ ቡና ይቆላል» አሉ። መቼ እንደሚያልቅ ጠየቁኝ። ጠዋት ነው አልኳቸው። «መብራት ካልሄደ በላ» ብለው ነጠላቸውን ሰብስበው ወጡ።

መብራት ሌሊት ዘጠኝ ሰዓት ላይ ሄደ። የላፕቶፑ ባትሪ አርባ ደቂቃ ይዞ አንቀላፋ። ፖርቴጅ የተጀመረውን ዝርዝር ካቆመበት ይቀጥላል፤ ግማሽ ላይ የተቋረጠውን ፕሮግራም ግን ከዜሮ ነው የሚጀምረው። የማታው ሁሉ ገደል ገባ። ፋየርፎክስን ተገንብቶ ያለቀውን የወሰድኩት ለዚህ ነው፤ አላፍርበትም። ከወራት በኋላ፣ ታኅሣሥ 2016 ላይ፣ የጄንቱ ሰዎች ራሳቸው ብዙ የተገነቡ ፓኬጆችን ማቅረብ ጀመሩ። የተፈጨ ቡና ለመንገደኛ አይከፋም።

የፋይሉ ጣጣ የመጣው ሊያልቅ ሲል ነው። ያጠፋሁት እኔው ነኝ። ዝርዝሩ አዲስ አበባ ከሄደ በኋላ፣ አንድ ምሽት ሥራ ፈትቼ ፕሮግራሞቹ ምን ምን እንዲያካትቱ ለፖርቴጅ በሚነገርበት ምርጫ ውስጥ ብሉቱዝን አስገባሁ። አንዲት ቃል ናት የጨመርኩት። ቃሏ አዲስ ፕሮግራም ጠራች፣ ፕሮግራሙ ፍላሹ ላይ የለም። ሕፃን ሆኜ ሐሙስ ሐሙስ እናቴ ሂርማታ ገበያ ስትልከኝ የምታስቆጥረኝ ትዝ አለኝ። ጨው ረስቶ የተመለሰ ልጅ ምን እንደሚጠብቀው አውቃለሁ።

ዣንጥላ ይዤ ዋይፋይ ያለው አንድ ካፌ ሄድኩ፣ አጂፕ አካባቢ። ከሦስት ሜጋ ለማትሞላ ፋይል አንድ ማኪያቶ። ወደ ቤት ተመለስኩ፣ አስገባሁ። ፖርቴጅ ልኩንና አሻራውን መርምሮ ተቀበላት። ቀጥሎ ግን እሷ የምትፈልጋት ሌላ ፋይል የለችም አለኝ። ዝርዝሩን እንደገና ማስወጣት ሲገባኝ የመጀመሪያዋን ስሕተት ብቻ አንብቤ ነበር የሮጥኩት። ሁለተኛ ማኪያቶ። አስተናጋጇ «ዛሬ እንቅልፍ የለም ማለት ነው» አለችኝ።

በዘጠነኛው ቀን ዴስክቶፑ ተከፈተ። ባዶ ስክሪን፣ አንድ ሰዓት ጥግ ላይ፤ ሰዓቱም ልክ። ደስታዬ አምስት ደቂቃ ቆየ። ዋይፋዩ አይታይም። የዋይፋይ ካርዱ የሚነሳበት፣ ፈርምዌር የሚሉት ፕሮግራም ለብቻው የሚጫን ፓኬጅ ነው፤ ጠርቼ ካላስመጣሁት በራሱ አይመጣም። ዝርዝሬ ላይ አልነበረም። ኢንተርኔት በሌለበት ስለ ኢንተርኔት ማን ያስባል?

ማታ ለጓደኛዬ አዲስ ዝርዝር ስጽፍ እትዬ ገቡ። ፍላሹ እንደገና ሊሄድ መሆኑን ሰምተዋል። ለልብስ ስፌት መኪናቸው መርፌ ከመርካቶ እንዲልክላቸው ፈለጉ። ጻፍኩላቸው። «ቁጥሩን አብረህ ጻፍ» አሉኝ፤ «ባለፈው የመጣው አልገባም፣ የኔ መኪና የድሮ ነው።» ሄደው የተሰበረውን መርፌ በወረቀት ጠቅልለው አመጡልኝና ከፍላሹ ጋር አሰርኩት።