ማንም የማያያቸው ገመዶች

ሰሞኑን ማታ ማታ ሥራዬ በገመድ ላይ የሚራመዱ ሰዎችን ቪዲዮ ማየት ሆኗል። እናቴ አጠገቤ ትቀመጣለች። ሰውየው ገና አንድ እርምጃ ሳይራመድ ፊቷን በነጠላዋ ትሸፍንና «እናት የለውም እንዴ ይሄ ልጅ?» ትላለች። እኔም መጀመሪያ የማየው እግራቸውን ብቻ ነበር። አሁን አሁን ግን ዓይኔ ወደ ቋጠሮዎቹ ይሄዳል።

ይህን ያመጣብኝ ፊሊፕ ፔቲ ነው። ፈረንሳዊው ፔቲ እ.ኤ.አ. ኦገስት 7 ቀን 1974 ጠዋት በኒውዮርክ የዓለም ንግድ ማዕከል መንትያ ሕንፃዎች መካከል በተወጠረ የብረት ገመድ ላይ ተራመደ። ከመሬት 400 ሜትር ያህል ከፍታ ላይ! መረብ የለ፣ የወገብ ማሰሪያ የለ፣ ፈቃድም የለ። 45 ደቂቃ ያህል ቆየ። ተመላለሰ፣ ተንበረከከ፣ ጭራሽ ገመዱ ላይ ጋደም አለ። ፖሊሶች ጣሪያው ላይ ሊይዙት ቆመዋል። እሱ ይቀርባቸውና ዞሮ ይመለሳል። እዚህ ጋ ስደርስ ሁሌ ሳቄ ይመጣል።

እኔን የያዘኝ ግን ከዚያ በፊት ያለው ሌሊት ነው። ሐሳቡ የመጣለት ገና ሕንፃዎቹ ሳይሠሩ፣ ጥርስ ሐኪም ጋ ተራ ሲጠብቅ ስለ እነሱ አንብቦ ነው። ከዚያ ዓመታት አጠና። እሱና ጓደኞቹ ሠራተኛ መስለው ዕቃቸውን ወደ ላይ አወጡ። ታዲያ 200 ኪሎ የሚሆን ብረት ከጣሪያ ወደ ጣሪያ እንዴት ይሻገራል? በቀስት! ፍላጻው ላይ የዓሣ ማጥመጃ ክር አስረው ወነጨፉት። ክሩ ወፈር ያለ ገመድ ሳበ፣ ያኛው ደግሞ ከእሱ የወፈረውን፣ በመጨረሻ ብረቱን። መሃል ላይ ብረቱ አመለጣቸውና ቁልቁል ወረደ። መልሶ ለመጎተት ሰዓታት ፈጀባቸው። ይህ ሁሉ በጨለማ ነው፣ ዘበኛ እንዳያያቸው እየተደበቁ። በዚያ ላይ ዋናው ገመድ እንዳይወዛወዝ ከጎንና ከጎን የሚወጥሩት ሌሎች ገመዶች መታሰር አለባቸው። ሕንፃዎቹ ራሳቸው በነፋስ ይንቀሳቀሱ ነበር እኮ። ለእኔ ትልቁ ጥበብ ይሄ ነው።

አጋነንክ ለሚለኝ ሰው ካርል ዋሌንዳን እጠቅስለታለሁ። ጀርመን ተወልዶ በአሜሪካ ሰርከስ ስም ያወጣ፣ ዕድሜውን ገመድ ላይ የጨረሰ ሰው ነው። በ1978 ፖርቶ ሪኮ፣ ሳን ሁዋን ውስጥ በሁለት የሆቴል ሕንፃዎች መካከል ሲሻገር ወድቆ ሞተ። 73 ዓመቱ ነበር። ነፋስ ነበር፣ እሱ አይካድም። ቤተሰቡ ግን የገደለው በደንብ ያልታሰሩት የጎን ገመዶች ናቸው ይላል። ቪዲዮው አለ። ገመዱ ሲወዛወዝበት ሽማግሌው ዝቅ ብሎ ሊቀመጥ ይሞክራል። አንዴ አይቼዋለሁ፣ ደግሜ አላይም።

በ2011 የልጅ ልጁ ልጅ ኒክ ዋሌንዳ ከእናቱ ጋር እዚያው ቦታ ሄዶ ያንን መንገድ ጨረሰው። ይህን ስነግራት እናቴ «እናትየዋም?!» ብላ ነጠላዋን ከፊቷ አነሳች።

ይኸው ኒክ በ2012 የናያግራን ፏፏቴ ሲሻገር ያስተላለፈው የቴሌቪዥን ጣቢያ የወገብ ማሰሪያ ካላደረግህ አይሆንም አለው። ሳይወድ አደረገ። ካናዳ ሲደርስ ደግሞ ፓስፖርት ተጠየቀ። ማሰሪያ አድርጎማ ምን ዋጋ አለው የሚል ሰው አይጠፋም። እኔ በዚህ አልስማማም። የካርልን ቪዲዮ ያየ ሰው በማሰሪያ ያሾፋል?

ወደ ፔቲ ልመለስ። የተመሠረተበት ክስ ተሰረዘለት። በምትኩ ሴንትራል ፓርክ ውስጥ ለልጆች ትርኢት እንዲያሳይ ተደረገ። እንዲህ ያለ ቅጣት ሰምቼ አላውቅም! ጋዜጠኞች «ለምን አደረግኸው?» እያሉ ወጠሩት። እሱም ለዚህ «ለምን» የሚባል ነገር የለውም አላቸው።

እኔ ጋዜጠኛ ብሆን የምጠይቀው ሌላ ነበር። ፔቲ ሌሊቱን ያሳለፈው በደቡቡ ሕንፃ ነው። የሰሜኑን ጫፍ ያሰረው ጓደኛው ዣን ሉዊ ብሎንዶ ነበር። ፔቲ ያንን ቋጠሮ ሄዶ ሳያይ ነው እግሩን ገመዱ ላይ ያሳረፈው። እንዴት አመነው? ብሎንዶስ ጓደኛው መሃል ላይ ሲደርስ ምን እያሰበ ነበር?